የትራሙ ወረቀት ሁለተኛ ገጽ

የካቲት 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይህ ደብተር የእኔ ነው። አልገዛሁትም፤ ተሸለምኩት። በማታ ትምህርት ቤት ከሠላሳ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጥቼ፣ መምህር ቶማ በሰው ሁሉ ፊት «እንግዲህ ሶርሳ፣ የምትጽፍበትን አንተ ታውቃለህ» ብለው ሰጡኝ። አውቃለሁ እንጂ! ስሜን እጽፍበታለሁ። ሶርሳ። እስከ ዛሬ ሶርሳ ባለጋሪው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሶርሳ ባለደብተሩ።

ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ቀን ጋሪ ስነዳ ውዬ ማታ ሀ ሁ ስል አመሸሁ። ፈረሴ ቦራም መስኮቱ ሥር ታስሮ አብሮኝ ተምሯል። ዛሬ በጋሪ ማቆሚያው ዳልጮ «አንተ አንደኛ ከወጣህ ፈረስህ ስንተኛ ወጣ?» አለኝ። «ካንተ በፊት» አልኩት። ሰው በሳቅ ሞተ። ዳልጮም እንደኔ ባለጋሪ ነው፤ እሱ የሚያነበው ግን የፈረስ ጥርስ ብቻ ነው።

ከመናኸሪያ እስከ ኦቶና ሆስፒታል በመንገዴ ካለው ጽሕፈት አንድም አልተውኩም። አንዱ ተሳፋሪ «ምን ታጉረመርማለህ?» አለኝ። «ከተማውን እያነበብኩት ነው» አልኩት።

የካቲት 9

ጉድ ነው! ማዘጋጃ ቤቱ በገበያ አስለፈፈ። ሶዶ ትራም ሊሠራላት ነው። ትራም ማለት የከተማ ባቡር ነው፤ ሁለት ፉርጎ ሆኖ በናፍጣ ኃይል በሐዲድ ላይ የሚሄድ። ከመናኸሪያው ተነሥቶ እስከ ኦቶና ሆስፒታል በር ይደርሳል አሉ። ይሠራ አይሠራ የሚለውን የከተማው ጉባኤ ግንቦት 11 ቀን ይወስናል።

በማቆሚያው ያልተጯጯኸ የለም። ዳልጮ «እኛስ? ፈረሶቹን ለጅብ እንመርቅ?» አለ። ባለሱቋ ወይዘሮ ሳህሊቱ ጋሪዬ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ «እናንተ ለሆዳችሁ ነው የምትጮኹት! በክረምት ወላድ በቃሬዛ ጭቃ ለጭቃ ስትጎተት እያየን ከተማ ነን እንላለን?» አሉት። ዳልጮ ደግሞ «እመቤቴ፣ ሐዲዱ በሱቅዎ ውስጥ ቢያልፍ እንዲህ ይላሉ?» አላቸው። እሳቸው ጥላቸውን ዘረጉ። ዝናብ አልነበረም።

እኔ ለሁለቱም የሚሆን መልስ ነበረኝ፤ ስንሳሳቅ ጠፋብኝ።

የቦራ የኋላ ግራ እግር ትንሽ አብጧል። ትንሽ ነው።

የካቲት 14

አቶ አድነው አስጠሩኝ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ናቸው፤ ታይፕ ሲመቱ ጣታቸው አይታይም። ወንበር ሰጡኝ። እኔን! በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ የተማርኩ ሰው መሆኔ ትዝ ሲለኝ ወደ ኋላ ተደገፍኩ።

«ሶርሳ፣ ትራሙ ሲመጣ ቲኬት ቆራጭ ያስፈልገናል። ማንበብ የሚችል፣ ከሰው ጋር የሚግባባ። ቆብ አለው፤ ፊሽካ አለው።»

«ጌታዬ፣ ፊሽካውን ዛሬ ቢሰጡኝስ? ልለማመድበት።»

ሳቁ። ከዚያ በታይፕ የተመታ ሁለት ገጽ ወረቀት አወጡ። ሐዲዱ የሚያልፈው ከገበያው በላይ በነአባባ አንጁሎ ሰፈር ነው። አሥራ ስምንት አባወራ አለ። ወረቀቱን ሰብስቤ እንዳነብላቸው፣ በቋንቋችን እንዳስረዳቸው፣ በፊርማ ፋንታ ጣታቸውን ቀለም እንዳስነካ ነገሩኝ። አባባ አንጁሎ የሚስቴ የፋንታዬ አባት ናቸው። እሳቸው ከነኩ ሰፈሩ ሁሉ ይነካል። አቶ አድነው ይህን እንዴት አወቁ? የተማረ ሰው ሁሉን ያውቃል።

የቦራ እግር አልጎደለም። ቆቡ ሰማያዊ ነው አሉኝ።

የካቲት 21፣ እሑድ

ይህን ቀን ልጆቼ እንዲያነቡት በደንብ ልጻፈው።

ከጸሎት በኋላ ሰዎቹ በአባባ አንጁሎ ጉታራ ላይ ተሰበሰቡ። ጉታራ ማለት በቤት ፊት ያለው የሣር ሜዳ ነው፤ የሰፈሩ ሠርግም ለቅሶም እዚያው ነው። ከጉታራው ጀርባ እንሰቱ እንደ ግንብ ቆሟል። እኔ ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አንደኛውን ገጽ አነበብኩ። አንድ መስመር በአማርኛ፣ አንድ መስመር በቋንቋችን። ስለ ሕዝብ መጓጓዣ፣ ስለ ሕሙማን፣ ስለ ሥልጣኔ። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ባዳቾ የሚባለው ጎረቤታችን «ይሄ ልጅ ቄስ መሆን ነበረበት» አለ።

ሁለተኛውን ገጽ በአጭሩ ነው ያነበብኩት። ታይፑ ደቃቅ ነው፤ ፀሐዩም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ደግሞ ሁለተኛ ገጽ ማለት መቼም ሰላምታና ማኅተም ነው። በቋንቋችን «እግዚአብሔር ይባርካችሁ ይላል» ብዬ ደመደምኩ። ሁሉም አሜን አሉ።

አባባ አንጁሎ አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ። እኔው ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አኖርኩት። ጣታቸው እንደ ቅርፊት ነው፤ ቀለሙ ቶሎ አይይዝም። «ልጄ፣ እንግዲህ ዓይናችን አንተ ነህ» አሉኝ።

ማታ ፋንታዬ «ሁለተኛው ወረቀት አጭር ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አጭር ነው።»

«ከሩቅ ሳየው ግን ሙሉ ነበር።»

ሴት ከሩቅ ምን ታያለች።

የካቲት 22

ወረቀቱን አስረከብኩ። አሥራ ስምንቱም ጣት። አቶ አድነው ጨበጡኝ። አንድ የካርቦን ግልባጭ ለእኔ ሰጡኝ። ከጋሪው መቀመጫ ሥር አኖርኩት። እዚያ ይሻላል።

መጋቢት 12

ቦራ ዳገቱን እምቢ አለ። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ሄደ። ዳልጮ አልቀለደም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ትራሙ ቶሎ ይምጣ። ፈረስ የሌለው ባለጋሪ ምንድን ነው? ጎማ ያለው ለማኝ።

መጋቢት 19

ቀያሾች መጡ። በአባባ አንጁሎ ጓሮ ሲባጎ ዘረጉ፤ በየእንሰቱ ግንድ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። ሲባጎው በጉታራው መካከል አልፎ በባዳቾ ጓሮ ገባ። የቆጠርኩት ብቻ አርባ ሁለት ግንድ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሞ ያያል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አባባ አንጁሎ መጥተው «ልጄ፣ ወረቀቱ ስለ እንሰቱ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አጣራለሁ አባባ።»

«አጣራለሁ» የሚለውን ቃል ከአቶ አድነው ነው የተማርኩት። ጥሩ ቃል ነው፤ ሰውን ያስኬዳል።

የዚያው ቀን ማታ

ግልባጩን ከመቀመጫው ሥር አወጣሁ። ሁለተኛውን ገጽ ደግሜ አነበብኩት። ደግሜ አልልም። አነበብኩት።

አንዱን መስመር ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ እንጃ። እንዲህ ይላል፤ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

«ከዚህ በታች ጣታቸውን ያኖሩት ባለይዞታዎች ለሥራው የሚያስፈልገውን መሬትና በላዩ የበቀለውን ሁሉ በሙሉ ፈቃዳቸው ለማዘጋጃ ቤቱ ለቀዋል፤ ወደፊትም ተቃውሞ አያቀርቡም።»

ባለይዞታ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የበቀለ ግን አውቃለሁ። በመጀመሪያው ወር ነው የተማርነው። መምህር ቶማ በሰሌዳው ላይ ቡቃያ ሥለው ነበር።

ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር። እውነት ነው፣ ገብቶ ነበር።

መጋቢት 24

አቶ አድነው ዘንድ ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን አጥንቼ ነበር።

«ጌታዬ፣ ስለ እንሰቱ… ሰዎቹ እንዲህ አልመሰላቸውም።»

«አላነበብክላቸውም እንዴ?»

«አነበብኩ እንጂ!» መልሱ ከእኔ ቀድሞ ወጣ።

«እንግዲያው ምን ይላሉ?»

«በገበያው ማዶ ቢሄድ አይሆንም? እዚያ እንሰት የለም።»

«እዚያ አጥር አለ፣ ሶርሳ። የትልልቅ ሰዎች አጥር። እነሱ ደግሞ ወረቀት ማንበብ ይችላሉ።» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እንጃ።

ልወጣ ስል ሲባጎ አንሥተው ራሴን ለኩኝ። ለቆቡ ነው።

ሚያዝያ 6

ዝናብ። ባዳቾ ሆዱን ታመመ፤ እንደ በሬ ጮኸ። በጋሪዬ ጫንነው። ከዳገቱ ግማሽ ሳንደርስ ጎማው ሰጠመ፤ ቦራ በጉልበቱ ወደቀ። አለንጋ አላነሣሁበትም። ሰዎቹ ቃሬዛ አበጁ። ስምንት ሆነው እየተፈራረቁ ተሸከሙት። አባባ አንጁሎ በዚያ ዕድሜያቸው ከፊት ናቸው፤ «ትከሻህን ዝቅ! ትከሻህን ዝቅ!» ይላሉ። ዳልጮ የራሱን ፈረስ ጥሎ ከኋላ ገባ። ስንደርስ ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ያበቃለት ነበር አለ። ዛሬ ቀደዱት። ተርፏል።

በሆስፒታሉ በር አባባ አንጁሎ እስከ ጭናቸው ጭቃ ሆነው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ጣቴን የሰጠሁት ለዚህ ነው። ትራሙ ይምጣ። እኛ አልቀናል፤ ልጆቻችን ሰው አይሸከሙ።»

የልብሴን ጭቃ መጥረግ ጀመርኩ።

«ስለ እንሰቱስ አጣራህ?»

«እያጣራሁ ነው አባባ።»

ዳልጮ አጠገባችን ነበር። አየኝ። ይሄ ሰውዬ ፊደል አይቆጥርም፤ ፊቴን ግን አነበበው።

ሚያዝያ 7

ዛሬ እነግራቸዋለሁ።

ሚያዝያ 8

አልነገርኩም። ባዳቾን ሊጠይቁ ሄደው ነበር።

ሚያዝያ 11

ቤት ነበሩ። ስለ ቦራ እግር አወራን።

ሚያዝያ 21

ፋንታዬ ከጋሪው ላይ ጭቃ ስትጠርግ ግልባጩን አገኘችው። ይዛው ገባች። አልጮኸችም። ደረቷ ላይ ይዛ «አንብብልኝ» አለች።

«የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ነው።»

«ሁለተኛውን አንብብልኝ። ባጭሩ አይደለም።»

አነበብኩላት። እያንዳንዱን መስመር በቋንቋችን ነገርኳት። «በላዩ የበቀለውን ሁሉ» ስል ቁጭ አለች።

በእኛ አገር የእንሰት ጓሮ የሴት ነው። ወንድ ይቆፍራል፤ የትኛው ይቆረጥ፣ የትኛው ይፋቅ፣ የትኛው ለክፉ ቀን ይቆይ የምትለው ሴቲቱ ናት። አባባ አንጁሎ ራሳቸው ሳያስፈቅዱ አንድ ቅጠል አይቀነጥሱም። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በዚያ እሑድ አሥራ ስምንት ወንድ በጉታራው ላይ ተቀምጦ አንዱም ትዝ አላለው። የተማረው ሶርሳም።

«እንሰቱን የተከለችው እናቴ ናት» አለች ፋንታዬ። «ሞታ አምስት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ እያበላችን ነው። ከሷ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ የማን ጣት አለ? የእኔን ጣት ማን ሰጠ?»

«አላወቅኩም ነበር ፋንታዬ።»

«አላወቅኩም ማለት ያኔ ነበር የሚያምርብህ። ነገ ለአባቴ ንገረው።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

ብነግራቸው ምን እሆናለሁ? አንደኛ የወጣው ሶርሳ። ዳልጮ በማቆሚያው ሰባት ዓመት ይስቅብኛል። ቆቡ ይቀራል። ቦራ ደግሞ ከእንግዲህ ዳገት አይወጣም፤ እዚህ እንኳ ልጻፈው፣ አይወጣም። ምን እበላለሁ? ባልነግራቸውስ እነሱ ምን ይበላሉ? ምናልባት ጉባኤው አይሆንም ይላል። ምናልባት መሐንዲሱ መንገዱን ይቀይራል። ምናልባት የሚለውን ቃል ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም።

ግንቦት 4

ቆረጡት።

ለመሐንዲሱ ናሙና ነው አሉ። አንድ ረድፍ ብቻ ነው አሉ። አሥራ አራት ግንድ። ገና ሦስት ዓመቱ፣ ተፍቆ ቆጮ የማይወጣው እንኳ አልቀረም። ሲቆረጥ ውኃ ውኃ ይላል። ድምፁ እርጥብ ነው።

አባባ አንጁሎ ለሠራተኞቹ ውኃ አቀረቡ። እንግዳ ናቸውና። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው «እያጣራህ ነበር» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ግንቦት 5

የሰፈሩ ሴቶች በሌሊት ተነሥተው ቀይ ቀለም ከተቀባው መካከል ትንንሹን እንሰት ከነሥሩ እየነቀሉ ራቅ አድርገው ተከሉት። ትልልቁ አይነቀልም። ፋንታዬ ከነሱ ጋር ዋለች፤ ማታም አልተመለሰችም። ልጆቹን ይዛ አባቷ ቤት ነች፤ «ወረቀቱን ካንተ አፍ ይስማው እንጂ እኔ አልነግረውም» ብላኝ ነበር። ራት ድንች ቀቀልኩ። ጨው ረሳሁ።

ግንቦት 11

የጉባኤው ቀን። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የሄድኩት። ይህን ማንም ባያምነኝ ደብተሩ ይመነኝ።

ከውጭ ስጠብቅ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ረጅም ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም መነጽራቸውን አውርደው «አንባቢው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ሁለቱንም ገጽ በትክክል አንብበህላቸዋል?»

አቶ አድነው ከኋላቸው ቆመዋል። ቆቡን በእጃቸው ይዘዋል። ሰማያዊ ነው፤ እውነትም ሰማያዊ ነው።

«በትክክል» አልኩ።

ጸደቀ።

ግንቦት 12

ቆቡ ልክ ነው። ከቤት ውጭ አላደረግኩትም። ቦራ ሲያየኝ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ፤ እንደማያውቀው ሰው።

ግንቦት 14

ሁለተኛው ረድፍ በሚቀጥለው ሳምንት ይቆረጣል ተባለ። ከዚያ ጉታራው።

ሌሊቱን ሁለተኛውን ገጽ በቃሌ ስለው አደርኩ። አሁን ያለ ወረቀትም እችለዋለሁ። በማታ ትምህርት ቤት እንዲህ አጥንቼ አላውቅም።

ግንቦት 15፣ እሑድ

ከጸሎት በኋላ ሰዎቹ ሳይበተኑ ጉታራው ላይ ቆምኩ። ያኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ። «ያላነበብኩላችሁ አለ» አልኩ።

ዳልጮ «ቲኬት ነው?» አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

አነበብኩ። አንድ መስመር በአማርኛ፣ አንድ መስመር በቋንቋችን። ድምፄ እንደ መጀመሪያው ቀን አላማረም። «ይዞታ» ላይ ተደናቀፍኩ። ከዚያ በታች «ማስገደጃ» የሚል ቃል አለ፤ ቆምኩና «ይህን አላውቀውም» አልኩ። እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። መምህር ቶማ ከኋላ ነበሩ፤ ነገሩኝ። ለሰዎቹ ነገርኳቸው። እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበብኩ። እግዚአብሔር ይባርካችሁ የሚል የትም የለበትም።

ዳልጮ እንኳ ቀልዱን ትቶ ሣር ይነቅላል። አባባ አንጁሎ፦

«ያን ቀን አሜን ያልነው ለዚህ ነው?» አሉ።

ሶርሳ መልስ አጣ ብላችሁ ጻፉ። ጻፍኩ።

ግንቦት 19

አሥራ ስምንቱም አባወራና እኔ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ሴቶቹም ከእኛ ፊት። በረኛው «ሴቶቹ ይቆዩ» ሲል ፋንታዬ «እንሰቱ የኛ ነው፤ እነሱ ይቆዩ» አለችው። ገባን።

ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አቶ አድነው ቆቡን እንጂ እኔን አላዩኝም። ለሹሙ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ በጉባኤው ፊት መዋሸቴንም። «አንተን ማሳሰር እችላለሁ» አሉ። «ይችላሉ፣ ጌታዬ» አልኩ።

ከዚያ ወደ አባባ አንጁሎ ዞረው «ትራም አትፈልጉም ማለት ነው?» አሉ። እኔ አስተረጎምኩ፤ አንድም ቃል ሳልጨምር።

«እንፈልጋለን» አሉ አባባ አንጁሎ። «በሽተኛውን የምንሸከመው እኛ ነን፤ ከኛ በላይ ማን ይፈልገዋል? ግን ሸክሙ ሁሉ በአንድ ትከሻ አይሁን። በገበያው ማዶ ይሂድ።»

ሹሙ ጣሪያውን አዩ። የጸደቀ ነገር በአፍ አይፈርስም፤ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አምጡ፤ እስከ ሰኔ 1 ካልመጣ ሥራው ይቀጥላል አሉ። ይሰሙናል አላሉም። አይሰሙም አላሉም።

ግንቦት 22

ቦራን ዳልጮ አየው። እግሩን ዳሰሰና «ለጋሪ አበቃለት፤ ለሣር ግን ገና ነው፤ ከኔ ጋር ይሰማራ» አለ። «አንደኛ ከወጣ ፈረስ ጋር የኔም ትንሽ ይማር» አለ። ልስቅ ስል አለቀስኩ። ጋሪውን ሊገዛኝ የመጣ የለም።

ግንቦት 27

አቤቱታውን መምህር ቶማ ሊጽፉት ብዕር አንሥተው ነበር። ፋንታዬ «እሱ ይጻፈው» አለች። ከወጣች ወዲህ ስለ እኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ስሜን ግን አልጠራችም።

ሦስት ቀን ጻፍኩት። መምህር ቶማ አረሙ። ሁለት ገጽ ሆነ። አንደኛው ላይ ትራሙን ለምን እንደምንፈልግ አለ፤ የባዳቾን ሆድ ሳይቀር ጻፍኩት። ሁለተኛው ላይ እንሰቱ የማን እንደሆነ፣ የተቆረጠው አሥራ አራት ግንድ፣ የአንባቢው ጥፋት። ስሜ እዚያ ነው ያለው።

ዛሬ በጉታራው ወንዱም ሴቱም ተቀመጠ። የተቆረጠው ረድፍ ከኋላቸው እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል። ደመናው የዳሞታን ተራራ ሸፍኖታል፤ ሊዘንብ ነው። ቀለሙን ጣሳ ክዳን ላይ አዘጋጅቼ ቆምኩ። አባባ አንጁሎ አውራ ጣታቸውን ለመስጠት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። አንደኛውን ገጽ ከፍ አድርጌ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ቆይ» አለች ፋንታዬ። «ከሁለተኛው ጀምር።»